ዐሥራ አንደኛው ምክር



ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ወደ ዝግጅት ክፍላችን ብቅ ብለው ነበር። የመጡት ማንንም ለመክሰስ አይደለም። «የማማክረው ሰው ብፈልግ ነው» ብለው ጀመሩና የልጃቸውን ነገር አጫወቱን። የሰውም ሆነ የመሥሪያ ቤት ስም እንዳናነሣ አደራ ስላሉን፣ ስሙን ትተን ነገሩን ብቻ እነሆ እናቀርባለን።

ልጃቸው በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቃ በአንድ ቤተ ሙከራ በረዳት ተመራማሪነት ከተቀጠረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የምታጠናው የስንዴ ዋግን ነው። ዋግ የስንዴውን ቅጠልና አገዳ እንደ ዛገ ብረት አስመስሎ ፍሬውን የሚያቀጭጭ፣ በነፋስ ከማሳ ወደ ማሳ የሚዛመት በሽታ መሆኑን የገጠር ዘመድ ያለን ሁሉ ሰምተናል። ባለፈው ዓመት በዚሁ በሽታ ላይ የሚመክር የሦስት ቀን ዐውደ ጥናት ከአዲስ አበባ ውጪ በአንድ ሆቴል ተዘጋጀ። ልጅቱም የደረሰችበትን ውጤት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት እንድታቀርብ ተጋበዘች። በቤት ውስጥ ታላቅ ደስታ ሆነ።

«ሻንጣዋን ይዛ ከበር ስትደርስ መምከር ጀመርኩ» ይላሉ እናት። «ቀሚስሽ አይጠር፤ ማታ ከክፍልሽ አትውጪ፤ በማታውቂው ሰው መኪና አትሳፈሪ፤ ከማንም መጠጥ አትቀበዪ፤ ሳቅ አታብዢ፤ ብቻ ቢቆጠር ዐሥር ሳይሞላ አይቀርም።»

ልጅቱ ዐሥሩንም ይዛ ሄደች፤ ዐሥሩንም ጠብቃ ተመለሰች። ይሁን እንጂ የእናት ምክር የሚያውቀው የመንገድ ላይ ባለጌን ነበር። በአዳራሹ ከፊት ወንበር የሚቀመጠውን፣ ሁሉም «ዶክተር» እያለ የሚነሣለትን ሰው አያውቀውም።

በመጀመሪያው ቀን፣ ጥናት አቅራቢ ሆና ሳለች፣ «እስቲ አንቺ ልጅ ባጁን አድይልን፤ ቃለ ጉባዔውንም አንቺ ያዢ» ተባለች። አብረዋት የተቀጠሩት ሁለት ወንዶች ልጆች ግን ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። በሁለተኛው ቀን በሻይ ዕረፍት ላይ ያ ትልቅ ሰው ሰዎች በከበቡት መካከል፣ «ይህን የመሰለ ዓይን ማይክሮስኮፕ ላይ ማባከን ኃጢአት ነው» አላት። በዙሪያው ያሉት ሳቁ። ማታ በእራት ግብዣው ላይ ከጎኗ ተቀምጦ ለሁለተኛ ዲግሪ የውጭ ትምህርት ዕድል የሚያስፈልጋትን የድጋፍ ደብዳቤ እሱ እንደሚጽፍ አስታወሳት። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ስልኳ ጮኸ። «ጥናትሽ ስሕተት አለበት፤ ነገ ሳታቀርቢው ክፍሌ ነይና እናርመው» አላት። እሷም በትሕትና፣ «ጧት በአዳራሹ ብናየው ይሻላል፣ ዶክተር» ብላ ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ ጥናቷን አቅርባ ሳትጨርስ ሰውየው ከተቀመጠበት አቋረጣት። «ይህ የተማሪ የቤት ሥራ ነው፤ ማነው ወደዚህ የላከሽ?» አለ። የመድረኩ መሪ ሰዓቱን አየና «ጊዜ አልቋል» አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድም የተናገረ አልነበረም።

ወደ ቤቷ ስትመለስ እናቷ «እንዴት ነበር?» ቢሏት «ደህና ነበር» ብላ ገባች። ስድስት ወር አለፈ። ሌላ የግብዣ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ከጠረጴዛ ላይ እንዳለ ተወችው። «እማዬ፣ እኔ በሰው ፊት መቆም አልችልበትም፤ ሌላ ሥራ ብፈልግ ይሻለኛል» አለች። እናቲቱ እውነቱን የሰሙት ከዚያ በኋላ በአክስቷ በኩል ነው።

እንግዲህ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ያመጣቸው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ዐሥር ነገር መክሬያታለሁ። ዐሥሩንም ፈጽማለች። ታዲያ ያልነገርኳት ዐሥራ አንደኛው ምክር ምን ነበር?»

እኛም ነገሩን ስናብላላው ሰነበትን። የደረስንበት መልስ ዐሥራ አንደኛው ምክር ለልጅቱ የሚነገር አይደለም የሚል ነው። ለጋባዦቿ፣ ለባልደረቦቿ፣ ለወንድሟና ለራሳችን ለወላጆች የሚነገር ነው። ለምን እንዲህ እንዳልን ቀጥለን እንገልጻለን።

ዐውደ ጥናት ምን ዓይነት ቦታ ነው?

ሳይንስ በቤተ ሙከራ ብቻ የሚሠራ ይመስለናል። ነገር ግን ተመራማሪ ሥራውን የሚያሳየው፣ ስሙን የሚያስተዋውቀው፣ አብሮት የሚሠራ ሰው የሚያገኘው በዐውደ ጥናት ነው። ለወጣት ተመራማሪ ዐውደ ጥናት ማለት ለነጋዴ ገበያ እንደማለት ነው። ከገበያው የቀረ ዕቃው ጥሩ ቢሆንም ገዢ አያገኝም።

የቦታው ጠባይ ግን ከመሥሪያ ቤት ይለያል። ሰዎች ከቤታቸው ርቀዋል። የሥራው አዳራሽና የመኝታው ክፍል በአንድ ጣራ ሥር ነው። ቀን ውይይት፣ ማታ ግብዣና መጠጥ ይከተላል። ጀማሪውና አንጋፋው በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ዕውቀት የሚተላለፈውም እንዲህ ነው። ይሁን እንጂ የድጋፍ ደብዳቤው፣ የትምህርቱ ዕድል፣ በጥናቱ ላይ ስም መግባቱ ሁሉ በአንጋፋው እጅ ነው። ስለዚህ ጀማሪዋ «እምቢ» ስትል የምትፈራው ሰውየውን ብቻ አይደለም፤ ነገዋንም ነው። በመንገድ ላይ የለከፋትን ሰው ትታው ማለፍ ትችላለች። ይኸኛውን ግን በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው አዳራሽ ታገኘዋለች።

ትንኮሳ የትኛው ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናጥራ። ሳይንስ ያለ ሙግት አይራመድም። «የናሙናሽ ቁጥር አነስተኛ ነው»፣ «ይህ መደምደሚያ ከመረጃሽ አይወጣም» ብሎ መጠየቅ ትንኮሳ አይደለም፤ የሙያ ግዴታ ነው። ሴት ናት ተብሎ ጥያቄ የሚቀርላት ተመራማሪም አክብሮት አላገኘችም። ልዩነቱ ጥያቄው በሥራው ላይ ነው ወይስ በሰውየዋ ላይ የሚለው ነው። «ማነው የላከሽ?» የሚለው ስለ ስንዴ ዋግ የተጠየቀ ጥያቄ አይደለም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሰፊ ሪፖርት ነገሩን በሦስት ከፍለውታል። አንደኛው ሴትን በሴትነቷ ዝቅ የሚያደርግ ንግግርና ድርጊት ነው። ሁለተኛው ያልተፈለገ የወሲብ ትኩረት ነው፤ ለምሳሌ ስለ ገላዋ መናገር፣ መነካካት፣ ደጋግሞ መደወል። ሦስተኛው የሥራ ወይም የትምህርት ጥቅምን በወሲብ ለመለወጥ ማስገደድ ነው። ከሦስቱ እጅግ የተለመደው የመጀመሪያው መሆኑን ሪፖርቱ ይገልጻል። ትንኮሳ የሚበዛውም ድርጊቱ ዝም ተብሎ በሚታለፍበት መሥሪያ ቤት መሆኑን ያስረዳል።

ይህን ይዘን የልጅቱን ሦስት ቀን መለስ ብለን እንመልከተው። ባጅ ማደልና ቃለ ጉባዔ መያዝ በራሱ ነውር የለበትም፤ ለሴቷ ብቻ ሲሰጥ ግን ተመራማሪነቷን ይሰርዛል። በሻይ ዕረፍት የተወረወረው «ቀልድ» ያልተፈለገ ትኩረት ነው። በምሽት የተደወለው ስልክ ደግሞ ከድጋፍ ደብዳቤው ጋር ሲያያዝ ወደ ሦስተኛው ያደላል። አንዱ ለሌላው በር ይከፍታል። የመጀመሪያው ቀን ሲታለፍ ሁለተኛው መጣ፤ ሁለተኛው ሲሳቅለት ምሽቱ ተከተለ።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ ነገር እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ አንድ ጥናት ላይ ለምርምር ወደ መስክ የወጡ 666 ሰዎች መጠይቅ ሞልተው ነበር። ከነዚህም ውስጥ 64 በመቶ ያህሉ ወሲባዊ ትንኮሳ እንደደረሰባቸው፣ ከአምስቱ አንዱ የሚሆኑት ደግሞ ወሲባዊ ጥቃት እንደተፈጸመባቸው ተናግረዋል። በብዛት የተጎዱት ተማሪዎችና ጀማሪዎች ሲሆኑ፣ ሴቶቹን ይበልጥ የተነኮሷቸው በማዕረግ የሚበልጧቸው ሰዎች ነበሩ። ወንዶችም ከተጎጂዎቹ መካከል ነበሩበት።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙዎቻችን «ሆቴል ላይ የሆነ ነገር መሥሪያ ቤትን አይመለከትም» እንላለን። ስሕተት ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት ሰኔ 14 ቀን 2011 ዓ.ም. በጄኔቫ ያጸደቀውና ከሰኔ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ቁጥር 190፣ በሥራ ዓለም የሚፈጸም ጥቃትና ትንኮሳ ሲል የቢሮውን ክፍል ብቻ ማለቱ አይደለም። ከሥራ ጋር የተያያዘ ጉዞ፣ ሥልጠና፣ ዝግጅትና ግብዣ፣ በስልክና በመሳሰለው የሚደረግ የሥራ ግንኙነትም ጭምር በውስጡ ይጠቃለላል።

በአገራችንም ቢሆን በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ያለ ፈቃድ የሚቀርብ የወሲብ ጥያቄ አድርጎ ይተረጉመዋል፤ በሥራ ቦታ መፈጸሙንም ይከለክላል። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይህን ከፈጸመ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊለቅ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 625፣ በአሠሪነት፣ በአስተማሪነት ወይም በመሰል ሥልጣን ተጠቅሞ ከሴት ላይ የወሲብ ድርጊት የፈጸመ ሰው የግል አቤቱታ ሲቀርብበት በቀላል እሥራት እንደሚቀጣ ይናገራል።

ሕግ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከደረሰ በኋላ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ቅጠሉ ደግሞ በጋባዡ እጅ ነው።

ለጋባዦች

ከአንባቢዎቻችን መካከል ዐውደ ጥናት የምታዘጋጁ፣ ደብዳቤ የምትጽፉ፣ አዳራሽ የምትከራዩ፣ ውሎ አበል የምትከፍሉ ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለን። የሚከተለው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

አንደኛ፣ የሥነ ምግባሩን ደንብ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከግብዣው ደብዳቤ ጋር ላኩት። ምን እንደሚጠበቅና ምን እንደተከለከለ በግልጽ ቋንቋ ይቀመጥ። «ተሳታፊዎች በጨዋነት ይገኙ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ጨዋነትን ሁሉም በየፊናው ይተረጉመዋልና።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ከመጀመሪያው ጥናት በፊት፣ የመድረኩ መሪ ደንቡን ቆሞ ያንብበው። ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ትልቁም ትንሹም በአንድ ጆሮ ሲሰማው፣ ኋላ «አላወቅሁም ነበር» የሚል አይኖርም።

ሦስተኛ፣ አቤቱታ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች ተመርጠው ስማቸውና ስልካቸው ይነገር። ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ሁለቱም የድጋፍ ደብዳቤ ከሚጽፉት አለቆች ወገን ባይሆኑ ይመረጣል። አቤቱታው የሚቀርብበት ሰው ራሱ አቤቱታ ተቀባይ የሆነ እንደሆነ ማን አፉን ይከፍታል?

አራተኛ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይታወቅ። ማስጠንቀቂያ፣ ከስብሰባው ማስወጣት፣ ለላከው መሥሪያ ቤት መጻፍ፣ እንደ ጥፋቱ መጠን ይወሰን። ተከሳሹም ቃሉን የሚሰጥበት ዕድል ይኑረው። ምሥጢር ይጠበቅ፤ አቤት ያለችውን መበቀል ራሱን የቻለ ጥፋት መሆኑ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ ትናንሽ የሚመስሉትን ነገሮች አትናቁ። የክፍል ቁጥር ለማንም አይሰጥ። የማታ ግብዣ ላይ መገኘት በፈቃድ ይሁን፤ ለሚመለሱትም መኪና ይዘጋጅ። ስለ ጥናት መነጋገር በመኝታ ክፍል ሳይሆን በአዳራሽ ወይም በእንግዳ መቀበያ ይሁን። ቃለ ጉባዔ መያዝ በተራ ይሁን። ፎቶግራፍ ሲነሣ ፈቃድ ይጠየቅ።

ይህ ሁሉ ማጋነን ነው የሚል ካለ፣ የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ያደረገውን እንንገረው። ይህ የመሬት ሳይንስ ባለሙያዎች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንቡን አሻሽሎ ትንኮሳን፣ አድልዎንና ማዋረድን ከሳይንሳዊ ጥፋት ቆጥሯቸዋል። የሌላውን ጥናት መስረቅ ወይም ውጤት ፈጥሮ መጻፍ ሳይንስን እንደሚያጠፋ ሁሉ፣ ሰውን ከሳይንስ ማባረርም ሳይንስን ያጠፋል ማለቱ ነው።

ለባልደረቦች

በሻይ ዕረፍቱ ከሳቁት መካከል ክፉ ሰዎች ብቻ ነበሩ ብለን አናምንም። አንዳንዱ ፈርቶ፣ አንዳንዱ ነገሩ ሳይገባው፣ አንዳንዱም ሌላው ስለሳቀ ብቻ ስቋል። ይሁን እንጂ ከዚያ ሁሉ አንዱ ባይስቅ ኖሮ፣ አንዱም «ይልቅ ስለ ናሙናዎቹ ንገሪን» ብሎ ጨዋታውን ቢመልሰው ኖሮ፣ ሰውየው በምሽት ስልክ ለማንሣት ሁለት ጊዜ ባሰበ ነበር። በእራት ሰዓት ከጎኗ ባዶ ወንበር ስታዩ ሄዳችሁ ተቀመጡ። በማግስቱ «ትናንት የሆነውን አይቻለሁ፤ ምስክር እሆናለሁ» በሏት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

በቤታችንስ?

እናቲቱን አንድ ጥያቄ ጠይቀናቸው ነበር። «ወንድ ልጅ አለዎት?» አልናቸው። «አለኝ እንጂ፤ መሐንዲስ ነው፤ እሱም ለሥልጠና ዘወትር ከከተማ ይወጣል» አሉ። «እሱንስ ምን ብለው ይሸኙታል?» አልናቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ሹራብ ያዝ፣ እዚያ ብርድ ነው እለዋለሁ» አሉ።

አንባቢዎቻችን፣ ይህ የእሳቸው ጥፋት ብቻ አይደለም። ሁላችንም እንዲሁ ነን። ሴቷን በዐሥር ምክር አስረን እንሸኛለን፤ ወንዱን በሹራብ። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ የነበሩት ወንዶች ሁሉ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። «የሥራ ባልደረባህን በመልኳ አትመዝናት፤ እምቢ ካለችህ አትድገማት፤ በሥልጣንህ አታስፈራራ፤ ሌላው በሰው ክብር ሲቀልድ አብረህ አትሳቅ» ብለን ብንመክራቸው ኖሮ ለሴት ልጆቻችን የምንሰጠው ምክር ባጠረ ነበር። ትዳር የያዙትንም እንዲሁ እንምከር። ሚስቱንና እኅቱን የሚያከብር ሰው ከከተማ ሲወጣ ክብሩን ሻንጣ ውስጥ አይቆልፍም።

ሁለተኛው የቤት ጉዳይ ደግሞ ስለ ጆሯችን ነው። ልጅቱ ስድስት ወር ሙሉ ዝም ያለችው ለምን ይመስላችኋል? አክስቷን እንዲህ ብላታለች፦ «ለእማዬ ብነግራት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ምን ለብሰሽ ነበር ብላ ነው።» እናቲቱ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። የሰጠናት ምክር ሁሉ ሳናስበው «የሆነ ነገር ከደረሰብሽ ጥፋቱ ያንቺ ነው» የሚል መልእክት ይዞ ይሆናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን፣ በሽታውን የምታስደብቃት የገዛ ቤቷ ከሆነች ወዴት ትሂድ?

ስለዚህ ልጃችሁ ስትወጣ ጥንቃቄውን ንገሯት፤ ጥንቃቄ ክፉ አይደለም። ይህንንም ጨምሩበት፦ «የማይሆን ነገር ቢገጥምሽ በማንኛውም ሰዓት ደውዪ። አልቆጣሽም። የሆነውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያየውን ሰው በማስታወሻሽ ጻፊው፤ መልእክት ከመጣም አታጥፊው። አቤት ማለት ብትፈልጊ አብሬሽ እቆማለሁ፤ ባትፈልጊም አላስገድድሽም።» ስትመለስ ደግሞ «እንዴት ነበር?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። አረፍ ብላችሁ ቡና አፍሉና ስለ ሥራዋ ጠይቋት። ስለ ሥራዋ የሚጠይቃት ሰው ካለ የቀረውንም ታወጣዋለች።

እናቲቱ ከሄዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉልን። ልጅቱ ያንን ከጠረጴዛ ላይ የተወችውን ደብዳቤ አንሥታ ለአዘጋጆቹ ሁለት ጥያቄ ጽፋ ነበር፦ የሥነ ምግባር ደንብ አላችሁ ወይ? አቤቱታ የሚቀበለውስ ማነው? መልሱ «እስከ ዛሬ የጠየቀን አልነበረም፤ አሁን ግን ሁለት ሰዎች መድበናል» የሚል ሆኖ መጣ። ደንቡን ግን ገና እየጻፉት ነው አሉ። ልጅቱ ለመሄድ ወስናለች። «ትፈራለች፤ እኔም እፈራለሁ» አሉን እናት። «ብቻ ትሄዳለች።»

እናንተስ? ሴት ልጃችሁን፣ ወንድ ልጃችሁን፣ ባላችሁን ወይም ራሳችሁን ከከተማ ወደ ወጣ ስብሰባ በምትሸኙበት ጊዜ እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ሁለት ሰዎች ከተመደቡ፣ ሁላችን ብንጠይቅ ደንቡ ሳይጻፍ የሚከፈት ዐውደ ጥናት አይኖርም።